ጤፉ የተረፈ ዕለት

አንድ ሰው ነበረ። ጎበዝ ገበሬ ነበር፤ በሬ ሲጠምድ የሚያምርበት፣ ሰው ሲመራ የሚደመጥ። ይህ ሰው ታናሽ ወንድሙንና ሌሎች ዐሥራ አምስት አባወራዎችን አስከትሎ ከየዘመዱ ርስት ወጣና ወንዝ ዳር ሰፈረ። ማሳው የጋራ፣ ጎተራው የጋራ፣ ማዕዱም የጋራ ሆነ።

ታዲያ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። በየጥዋቱ ዳስ ውስጥ ተሰብስበው ሳይጸልዩ ማንም ማጭድ አያነሳም። ከጸሎቱም በፊት በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆኑት እናት ተነስተው «የተቀየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያለው ወጥቶ ይናገራል፤ ይሟገታል፣ ያለቅሳል፣ ይታረቃል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና ያ ሳያልቅ ጸሎት የለም። አንዳንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ይቆያሉ። ጎበዙን ገበሬ ይህ ያንገበግበው ነበር።

በኅዳር አንድ ቀን ሰውየው ከወንድሙ ጋር ተጣላ። ተናዶም በሰው ፊት «አንተ እኮ በእኛ ላብ የምትበላ ነህ!» አለው። ከአንድ ማዕድ ለሚበሉ ሰዎች ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ወንድሙ ማጭዱን አንስቶ ሄደ።

በማግስቱ ጥዋት ያልታሰበ ደመና ጠቆረ። ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተኝቷል። እናቲቱ ሊጠይቁ ሲነሱ ሰውየው ቀደማቸው።

«እማማ፣ ዛሬስ ሁሉም በልቡ ይጸልይ። እግዚአብሔር እንደሆነ የትም ይሰማል፤ ጤፉ ግን አይጠብቀንም» አለ።

ደመናውስ እውነት ነበር። የወንድሙን ዓይን መሸሹም እውነት ነበር፤ ይህን ግን ለራሱም አልነገረውም።

ሁሉም ሮጠ። ጤፉ ተከመረ፣ ተሸፈነ። ዝናቡ ሲወርድ አንዲት ፍሬ አልረጠበችም። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!» ተባለ። በማግስቱም ሥራ ነበር፤ በሳልስቱም። ሥራ መቼ ያልቃል? ጸሎቱ በየቤቱ ሆኖ ቀረ።

ወር ሳይሞላ ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው ሲወቁ ታናሹ በቅል ውሃ አቀበለውና «ይጠጡ» አለው። ሰውየው ቀልድ መሰለው።

«ምነው አንቱ አልከኝ? ተቀየምከኝ እንዴ?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! እርስዎን?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድለት አለ። እናቲቱ ዘንድ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ ሰውን ሰብስበው እንደ ድሮው እንዲጠይቁለት ለመናቸው። ሰበሰቡለት። ሁሉም ነጭ ለብሶ መጣ። «የተቀየመ አለ?» አሉ። አንድም ሰው አልወጣም። ቂሙ በዝቶ ነበር፤ በሰው ፊት ቆሞ መናገሩን ግን ረስተውታል። ሰውየው ራሱ ወጥቶ «እኔ ነኝ የበደልኩ» ሊል አሰበ፤ ግን ከሰዉ መካከል ሳይወጣ ቀረ። አፈረ። ጸሎቱ ተጸለየ፤ ከቃሉ አንዲት አልተዛነፈችም።

በግንቦት ወንድሙ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሄደ። መሄዱን ሰውየው የሰማው ከመንገደኛ ነው። ሽማግሌ ላከበት። ሽማግሌዎቹ «ምንም አልተቀየምኩም ይላል» ብለው ተመለሱ። የተጣላ ይታረቃል፤ አልተቀየምኩም ከሚል ሰው ጋር በምን ይታረቁታል? ከዚያ ሌላውም ሌላውም ሄደ። ማንም ከማንም አልተደባደበም። ሰውየው የዐሥራ ሰባት አባወራ ማሳ ታቅፎ ብቻውን ቀረ፤ አርሶም አልጨረሰው።

ልጄ፣ አንተና ጓደኞችህ መሬት ገዝታችሁ አብራችሁ ልትኖሩ ነው። «በሐሳብ ከተስማማን ጸሎቱ በየቤቱ ቢሆን ምን ይጎድለናል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እግዚአብሔርስ በየቤታችሁ ይሰማችኋል፤ የባልንጀራህን ቁስል ግን አንተ በየት በኩል ትሰማዋለህ? ያ ሰው እኔም ዘንድ መጥቶ መድኃኒቱን ጠይቆኝ ነበር። አብሬው አለቀስኩ። ለአንተም ከዚህ የተሻለ የለኝም። የእናንተም አዝመራ ሲደርስ ደመና አይጠፋም። የዚያን ዕለት «ጸሎቱ ይቅርና ወደ ሥራ እንሂድ» የሚለውን ሰው ደኅና አድርገህ እየው፤ ከማን ዓይን እንደሚሸሽ ጠይቀው። ምናልባት አንተው ራስህ ትሆናለህ።