አንዴ ብቻ የሚጠይቀው ቅጽ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዘውገ ይባላል። የሰባት ዓመት ልጁ ትብለጥ ደረቷ እየታፈነ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ የማያቋርጥ ክትትል ያስፈልጋታል ብሎት ነበር፤ ክትትሉ ግን በልብስ ሰፊ አቅም የሚቻል አልሆነም። በዚህ መሀል ከተማው ለሕፃናት ነጻ የጤና መድን ሊሰጥ ነው፣ ማመልከቻውም በኢንተርኔት ይሞላል የሚል ወሬ ሰማ። ደስ አለው። መርፌና ክሩን ትቶ ስልኩን ያዘ።

ቅጹ «የልጅዎ ጤና እንዴት ነው?» ሲል ጀመረ። ዘውገ በሥርዓት ያደገ ሰው ነውና ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ችግሩን የሚዘረግፍ ባለጌ አይደለም። «ደህና» የሚለውን ነካ። ቅጹ ቀጥሎ ገቢው ለቤተሰቡ ይበቃ እንደሆነ ጠየቀው። አይበቃም ማለት ፈጣሪን ማማረር መሰለውና «ይበቃል» አለ። መጨረሻ ላይ ተጨማሪ ሐሳብ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አገኘ፤ እዚያም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ እስኪገቡለት ጠበቀ። ቅጹ ግን አመስግኖት ተዘጋ።

በሳምንቱ መልስ መጣ። ልጅዎ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሕፃናት ውስጥ አይደለችም ይላል። ዘውገ ግራ ገባው። ምን አጥፍቼ ይሆን እያለ መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። ምናልባት ሰላምታዬ አንሶ ይሆናል ብሎ እንደገና ሞላ፤ አሁንስ የሠራተኞቹን ልጆች ጤና ሳይቀር ጠየቀ፣ መርቆም ጨረሰ። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ያው ነው። በዚያው ሰሞን ትብለጥ ደረጃ መውጣት አቃታት። አባትየው ግራ ከመጋባቱ ሌላ ፍርሃት ያዘው።

ቢቸግረው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። ይፍቱሥራ የምትባል ጠና ያለች ሠራተኛ ተቀበለችው። እንዴት ነዎት አለችው፤ ደህና ነኝ አላት። ልጅዎስ አለችው፤ ደህና ናት፣ ተመስገን አላት። ይፍቱሥራ ፊቱን አየት አደረገችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የእውነት፣ ልጅዎ እንዴት ናት?»

ያኔ የልብስ ሰፊው ድምፅ ተሰበረ። «ትናንት ስትስል ከንፈሯ ጠቆረብኝ። የምትሞትብኝ መሰለኝ» አላት።

ሴትዮዋ የሞላውን ቅጽ ከኮምፒውተሯ ላይ አሳየችው። «ታዲያ ይህን ለምን እዚህ ላይ አልተናገሩም?»

«እትዬ፣ አንዴ እንጂ መቼ ደግሞ ጠየቀኝ?»

ልትስቅ ብላ ተወችው። ራሷ እየጠየቀች፣ አንዳንዱንም ሁለት ሦስት ጊዜ እየደገመች ቅጹን እንደ አዲስ ሞላችለት፤ ትብለጥም ቅድሚያ ከሚያገኙት ጋር ተመዘገበች። ዘውገ ግን ደስ ብሎት ሲወጣም ነገሩ አልገባውም። ሰው ለማያውቀው አካል ከሰላምታው በፊት እንዴት ልጄ ታማለች ይላል?

ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ጎረቤቱ መንገድ ላይ አገኘውና ልጅቷ እንዴት ናት አለው። ደህና ናት፣ ተመስገን ብሎት አለፈ። ጥቂት ተራምዶ ቆመ። ዞሮም ጠራው።

«ደህና አይደለችም» አለው።

ጎረቤቱ የሚሄድበትን ትቶ አብሮት ወደ ቤቱ ሄደ።

አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እውነት ነው። ተመስገን ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕመማችንን የምንሸፍንበት ከሆነ ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆቻችን ናቸው። ጥፋቱን ሁሉ ግን በደባቂው ላይ አንጫን። የአገራችን ሰው እውነቱን የሚናገረው ደጋግሞ ለጠየቀው ነው፤ ቅጽ ይህን አያውቅም፣ እኛ ግን እናውቃለን። ዛሬ «ደህና ነኝ» ካሉን ሰዎች መካከል ስንቱን ደግመን ጠየቅን?