ልቡ ከታንኳው ቀድሞ ይሻገር ስለነበረ ቀዛፊ

የአምላክ እናት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በሐይቅ መካከል ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ጸሎቷ ይህን ልትሰሙ ከደጇ በተሰበሰባችሁ በሁላችሁ ላይ ይደር፥ ልባችሁንም ከጆሯችሁ ጋር ታኑርላችሁ፤ አሜን።

በአንድ ታላቅ ሐይቅ ዳር ወልደ ሐና የሚባል ቀዛፊ ነበረ፤ በደሴቱ ላይ ወዳለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን ከደንገል ሸምበቆ በታሰረ ታንኳ እያሻገረ ይኖር ነበር። ልጅ አጥቶ ነበርና ልጅ ትሰጠው ዘንድ ለእመቤታችን ተሳለ፤ ከዚያም ወዲህ ማለዳ ማለዳ ሰባት ጊዜ ሰግዶ ሰላም ለአንቺ ይሁን ሳይላት ታንኳውን ወደ ውኃ አይገፋም ነበር፤ ይህንንም ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ስንኳ አላጓደለም።

ነገር ግን፥ ወገኖቼ፥ ጉልበቱ ሲሰግድ ልቡ አይሰግድም ነበር። በዳርቻው ቆሞ ደሴቱን ያስባል፥ ደሴቱ ሲደርስ ቤቱን ያስባል፥ ማዕድ ቀርቦለት የነገውን መንገደኛ ያስባል፤ ምን እንደ ጎረሰ ቢጠይቁት አያውቅም። ሚስቱ አመተ ጽዮንም አንድ ቀን «አንቱ ሰው፥ ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን እቤት ገብተው አያውቁም» አለችው። እርሱም እንደ ወትሮው ሌላ ነገር ያስብ ነበርና «እሺ፥ ነገ እገባለሁ» አላት።

እመቤታችን የለመኗትን አትነሣምና በሰባተኛው ዓመት ሴት ልጅ ሰጠቻቸው፤ ሰማንያው ቀን በደረሰ ጊዜም በደሴቱ ክርስትና ሊያስነሧት ተሰናዱ፥ የክርስትና እናቷም ቀድማ ተሻግራ ትጠብቃቸው ነበር። የደንገል ታንኳ ደግሞ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ቀዛፊዎች ከጉዞ ሲመለሱ ከውኃ አውጥተው በፀሐይ ያቆሙታል፥ ሳይደርቅም አይሳፈሩበትም። ወልደ ሐና ግን በዋዜማው የክርስትናውን ድግስ እያሰበ ታንኳውን በውኃው ላይ እንደ ተንሳፈፈ ትቶት ሄደ፤ ያቆመውም መሰለው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እርሱ ሊያፈስ የነበረው ግን የሚለቀም ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ማለዳ ታንኳውን ከውኃው ላይ ቢያገኘውም ልቡ ደሴቱ ደርሶ ነበርና አላስተዋለም፤ እንደ ልማዱ ሰገደና ሚስቱንና ልጁን አሳፍሮ ቀዘፈ። ጉምም ወርዶ ነበርና ፊቱም ኋላውም ነጭ ሆነ፥ ሰማዩና ውኃውም አንድ ሆኑ። እንዲህም ሲሄዱ ታንኳው ከበደ፤ ውኃውም ድምፅ ሳያሰማ ቀስ ብሎ ወጣና የአመተ ጽዮንን እግር ነካ። እርስዋም በቅል እየጨለፈች «ታንኳው አልደረቀም እንዴ?» አለችው። ያን ጊዜ ወልደ ሐና ያደረገውን ዐወቀ፤ አፈረ፥ እጅግም ፈራ፥ ዳርቻውንም ቢፈልግ አጣው። ውኃውም ተኝታ ከነበረችው ሕፃን መታቀፊያ ጫፍ በደረሰ ጊዜ «እመቤቴ ሆይ፥ የሰጠሽኝን ልጅ በእኔ ስንፍና አትውሰጂብኝ» ብሎ አለቀሰ።

ከዚያም ነፋስ ሳይነፍስ ጉሙ ጥቂት ተከፈተና ነጭ የለበሰች ሴት በታንኳው ጫፍ ተቀምጣ ታየችው፤ ታንኳው ግን ወደ እርስዋ አላዘነበለም። ወልደ ሐናም ማን እንደ ሆነች ዐወቀ። እመቤታችንም ልጇን እንደምትቀሰቅስ እናት በቀስታ እንዲህ አለችው፦ «ወልደ ሐና ሆይ፥ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላም ባልኸኝ ቁጥር መጥቼ ከደጅህ ቆምሁ፤ አንተን ግን አንድ ቀን አላገኘሁህም። ዛሬ የት ነህ?» እርሱም «እዚህ ነኝ፥ እመቤቴ» አላት። እርስዋም «እንግዲያስ እዚሁ ቆይ፤ ዳርቻውን አትፈልግ፥ የያዝኸውን መቅዘፊያ ቅዘፍ» አለችው።

እርሱም አንድ ጊዜ ቀዘፈና ሰላም አላት፥ ደግሞም ቀዘፈና ሰላም አላት፤ በቀዘፈም ቁጥር ታንኳው የጠጣውን ውኃ እየተፋ ተነሣ። ወልደ ሐናም የመቅዘፊያው እንጨት በመዳፉ ውስጥ ሻካራ እንደ ሆነ ተሰማው፤ የሚስቱን ጠጉር በጉሙ ርሶ አየ፥ የልጁንም ትንፋሽ ሰማ፤ ጎንበስም ሲል በሕፃኒቱ ቀኝ ቅንድብ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት አየ። ደስታም ከልቡ ሞልቶ በዓይኑ ፈሰሰ። ቀና ባለ ጊዜ እመቤታችን ከዓይኑ ተሰውራ ነበር፥ ታንኳውም የደሴቱን አሸዋ ነክቶ ቆመ፤ ደንገሉም ሦስት ቀን ፀሐይ እንደ መታው ደርቆ ነበር።

እርሱም ከታንኳው ሳይወርድ ሚስቱን «ይህ ምልክት ከመቼ ወዲህ ነው?» ብሎ ጠየቃት። አመተ ጽዮንም «ከተወለደች ጀምሮ ነበረ» አለችው፤ ዓይኑንም አይታ «እንኳን ደህና ገቡ» አለችው።

ሕፃኒቱም ተጠምቃ ወለተ ማርያም ተባለች፥ ካህናቱም የሆነውን ሰምተው እመቤታችንን አመሰገኑ። ወልደ ሐናም ከዚያ ቀን ጀምሮ ታንኳውን በየማታው በእጁ እየዳሰሰ ያቆም ነበር፤ ማለዳም ሰላም ካላት በኋላ፥ እንግዳ ሲመጣ በር እንደሚከፍት ሰው ጥቂት ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

እኛንም ሰላም ባልናት ጊዜ ከቤታችን አትጣን፤ የተኙ ልጆቻችንን ከውኃና ከዝንጋታ ትጠብቅልን፤ በረከቷም ይህን ቃል ካነበበውና ከሰማው፥ ሲሰማም ልቡ ወደ ሌላ ከሄደበት ወንድማችን ጋር ሳይቀር ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።