ማዕድ የሚጋሩት ትሎች

በአንድ ወቅት፣ ጉም በማይለየው ተራራ ሥር ባለ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር የሺመቤት የሚባሉ የትል ሊቅ ነበሩ። ትል ስላችሁ ፊታችሁን አታጨማድዱ! የእሳቸው ትሎች ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ፣ ሆድ ዕቃቸው ከውጭ የሚታይ፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋቸው ብርሃን ውስጥ የሚዋኙ የሚመስሉ ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ግን ድሩን መጀመሪያ ምን አቀራረበው ብለው ሠላሳ ዓመት ጠየቁ። ትሎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እየበሉ ዝም አሏቸው። እሳቸውም ምሳቸውን ለብቻቸው እየበሉ አረጁ።

ሦስት ተማሪዎች ነበሯቸው፤ ትርሲት፣ ልሳነወርቅና ጉተማ።

ትርሲት ዓይን ነበራት። በላቦራቶሪው ሕግ የሻገተ ሳህን ይጣላል። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ግን ልትጥለው ያነሳችውን ሳህን «እስቲ አንዴ ልየው» ብላ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባችው። ትሎቹ ተቃቅፈው በአንድ ማዕድ ይበላሉ። ጓደኞቿ «ሻጋታው ነው ያሰባሰባቸው፣ ጣይው» አሏት። አልሰማቻቸውም። ከመካከላቸው አንዷን ለይታ በንጹሕ ሳህን አሳደገቻት፤ ልጆቿም ተሰበሰቡ፣ የልጅ ልጆቿም ተሰበሰቡ። ፕሮፌሰሯ ይህን ሲያዩ እንባቸው መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮም ምሳቸውን ይዘው ወደ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ መምጣት ጀመሩ።

ልሳነወርቅ ትዕግሥት ነበረው። የትሉ ነርቮች ሦስት መቶ ሁለት ናቸው፤ ከእነዚያ ውስጥ የቱ ለማዕድ እንደሚጠራቸው ለማወቅ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀጭን ጨረር አንድ በአንድ እያጠፋ ተመለከተ። እጁ ትንሽ ከሳተ ትሉ ይሞታል፤ እሱም እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ሠርጉን ሁለት ጊዜ አራዘመ። እጮኛው «እንግዲህ ትሎችህን አግባቸው» ብላ ቀለበቱን መለሰችለት። በመጨረሻ አንዲት ነርቭ ተገኘች፤ እሷን ያጣ ትል ሁሉ ከማዕዱ ተነስቶ ብቻውን ሄደ። ልሳነወርቅ ያን ቀን ደስ ይበለው ወይስ ይክፋው አላወቀም።

የጉተማ ነገር ግን ግራ ያጋባል። የራሱ ጥናት ሦስት ጊዜ ከሽፎበታል፤ ከኋላው «እድለ ቢስ» ይሉታል። የሁለቱ ግኝት ተጽፎ ለመጽሔት ሲላክ፣ ገምጋሚዎቹ «ሙከራውን አንዴ ድገሙልን» አሉ። በዚያው ሰሞን መብራት ሲሄድ ሲመጣ ማቀዝቀዣዎቹ ተቃጠሉ። ትሎቹ የሚያድጉበት ሣጥን ግሎ በሳህን ያሉት አለቁ፤ በበረዶ የተቀመጠውም ዘር ቀልጦ ሞተ። ልፋቱ ሁሉ ወሬ ሆኖ ሊቀር ነው። ጉተማ በማግስቱ ከጃኬቱ ውስጥ አንድ ሳህን አወጣ፤ ትሎቹ ተቃቅፈው ይበላሉ። ቤቱ ወስዶ በእንስራው ጥግ፣ በቅዝቃዜው ሲያኖራቸው ከርሟል።

«ማን ፈቀደልህ?» አሉት ፕሮፌሰሯ።

«ማንም። አንድ ቤት ብቻ ያለው ነገር ያሳስበኛል።»

ትል ከላቦራቶሪ ማውጣት ክልክል ነው። እሳቸው ራሳቸው ከዓመታት በፊት አንዲት ጎበዝ ተማሪ በዚሁ ጥፋት አባርረዋል፤ ጸጸቱ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

ሙከራው ተደገመ፤ ውጤቱም ያው ሆነ። የቀረው በጽሑፉ ላይ የሚሰፍረው የስም ቅደም ተከተል ነው። በዚህ ሙያ ከፊት የተጻፈ ስም ሁሉ ነገር ነው፤ ሌላው «እና ሌሎች» ተብሎ ይቀራል። ፕሮፌሰሯ በሰኔ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ላቦራቶሪውን የሚሰጠው ስሙ ለቀደመው ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ሦስቱም መጥተው ፊታቸው ተቀመጡ።

«እኔ ባላይ ያ ሳህን ቆሻሻ ነበር» አለች ትርሲት።

«ማየትማ አየሽ፤ ምክንያቱን ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ» አለ ልሳነወርቅ።

«እውነት መሆኑን በምን ታሳዩ ነበር?» አለ ጉተማ ቀስ ብሎ።

ከውጭ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል። ፕሮፌሰሯ በሕልም እንዳሉ ሁሉ ሦስቱን ተራ በተራ አዩ። ሳይወልዱ ያገኟቸው ልጆቻቸው ናቸው፤ አንዱን ማስቀደም ሁለቱን ማባረር ነው። እስክሪብቶውን አነሱ፤ እጃቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ።

እንግዲህ ከሳሽም ተከሳሽም ሳትሆኑ ፍረዱ፦ ካየችው፣ ካገኘውና ሕግ ጥሶ ካዳነው፣ ፊት መጻፍ የሚገባው የማን ስም ነው?