የጃርቷ ሹራብና የጠፋው ሱፍ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ በአንድ ገደል ሥር ሙያዋ በአካባቢው ሁሉ የተመሰገነ ጃርት ትኖር ነበር። ከጀርባዋ የወደቁ ሁለት እሾሆች ይዛ ደጃፏ ላይ ቁጭ ትልና ሹራብ ትሠራለች፤ ሲሰለቻት ደግሞ ከደረቀ የዛፍ ፍሬ የአንገት ዶቃ ትደረድራለች። አንድ ችግር ግን ነበረባት፤ የመጣው ሁሉ የሚሰጣትን ምክር እሺ ትላለች።

አንድ ቀን እርጉዝ በግ የተሸለተ ሱፏን ተሸክማ መጣች።

«እትዬ ጃርት፣ አምና የወለድኩት ግልገል በብርድ ሞተብኝ። ዘንድሮም የምወልደው በዝናብ ነው። ይኸው የገላዬ ሱፍ፤ ጀርባውን የሚያሞቅ ሹራብ ሥሪልኝ» አለቻት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ዝናቡ ሳይጠና ይደርስልሻል» አለች ጃርት፣ ሥራዋንም ወዲያው ጀመረች።

ሹራቡ እኩሌታው ሲደርስ ቀበሮ ብቅ አለች። ለስላሳውን ሱፍ ስታይ ዐይኗ በራ፤ ለጎሬዋ እንዲህ ያለ ምንጣፍ ስትመኝ ነው የኖረችው።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ እትዬ ጃርት?»

«ለሚወለደው ግልገል ሹራብ።»

«ሹራብ? ብርድ የሚገባው በእግር አይደለም እንዴ! ካልሲ ብታደርጊው ይሻላል።»

«እውነቷን ይሆን?» ብላ ጃርት ሹራቡን ተረተረችው። አቀርቅራ ካልሲ ስትጀምር ቀበሮ አንድ ጥቅል ሱፍ በአፏ ይዛ ውልቅ አለች።

ካልሲው ሳያልቅ ጅብ እያነከሰ መጣ።

«ካልሲ? እግር እኮ አጥንት ነው፤ አጥንት አይበርደውም። ጆሮ ነው የሚጣፍጠው... ማለቴ፣ ጆሮ ነው የሚበርደው! ኮፍያ ሥሪለት።»

ጃርት ካልሲውን ተርትራ ኮፍያ ጀመረች። ቀበሮ ተመልሳ መጣችና «ኮፍያውንማ ሲዘል ይጥለዋል። ዶቃ ሰክተሽበት የአንገት ጌጥ አድርጊው» አለቻት። ስትወጣ ሌላ ጥቅል ይዛ ወጣች። እንዲህ እያለች ስትመላለስ ሱፉ ተመናመነ፤ ጃርትም መጀመሪያ ምን ልትሠራ እንደነበር ጠፋባት።

በግ ሹራቡን ልትወስድ ስትመጣ ጃርት እጅ ላይ ያገኘችው አራት ቀዳዳና አንድ ጆሮ ያለው፣ ዶቃ የተንጠለጠለበት ነገር ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች በግ ደንግጣ።

«እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር» አለች ጃርት።

«የቀረው ሱፌስ?»

«እሱም ግራ ገብቶኛል።»

በግ እያለቀሰች አንበሳ ዘንድ ሄዳ አቤት አለች። አንበሳ እንስሳቱን ሰብስቦ ሲጠይቅ ቀበሮ ቀደም ብላ «ጌታዬ፣ ጅብ እዚያ ቤት ሲገባ አይቼዋለሁ። በልቶት ይሆናል» አለች።

«አያ ጅቦ፣ ሱፉን በልተሃል?»

ጅብ ግንባሩን ቋጠረ። ሰሞኑን የዋጠውን ሁሉ ለማስታወስ ሞከረ፤ አጥንቱን፣ የደረቀውን ቆዳ፣ ያንን ምንነቱን ያላወቀውን ነገር።

«ጌታዬ፣ በልቼውም ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «ጣዕሙ እንዴት ነበር?»

እንስሳቱ እርስ በርስ ተያዩ። ጥፋተኛው አምኗል እንዳይሉ ምኑን እንዳመነ አያውቅም፤ አላመነም እንዳይሉ አልካደም። አንበሳ ራሱ ግራ ተጋብቶ ጋማውን ሲያክ፣ ቀበሮ አጠገብ የቆመችው በግ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች።

«ጌታዬ፣ የራሴ ጠረን ከቀበሮ ላይ እየሸተተኝ ነው!»

ቢያዩ የቀበሮ ሆድ ላይ ነጭ ሱፍ ተለጣጥፏል። «ነፋስ ያመጣብኝ ነው» አለች። ማንም አልሰማትም፤ ሁሉም ተያይዘው ጎሬዋ ሲሄዱ ሱፉን እንደ ፍራሽ ተነጥፎ አገኙት።

«ሱፉን አጥበሽ ትመልሻለሽ» አለ አንበሳ። «ይህ ደረቅ ጎሬም ክረምቱን የበግ ነው።»

«እንግዲያ አልበላሁትም ማለት ነው?» አለ ጅብ።

«አልበላኸውም።»

«ለዚህ ነዋ የራበኝ!»

ዝናቡ ጀመረ። ጃርት ጎሬው አፍ ላይ ተቀምጣ እንደገና ስትጀምር መካሪዎቹ ከበቧት። ጦጣ ኪስ ይኑረው አለች፤ አህያ ይርዘም አለ፤ ጅብም አፉን ከፈተ። ጃርት ለማንም ሳትመልስ ወደ በግ ዞረች።

«እህቴ፣ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ጀርባውን የሚያሞቅ ሹራብ።»

ጃርት አቀርቅራ ሠራች፤ ቀናም አላለች። ዶፉ ሲወርድ ግልገሉ ተወለደ። ርጥብ ገላው ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቱ ልሳ ካደረቀችው በኋላ ሹራቡን አለበሱት። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡን ተወ፤ እየተንገዳገደ ተነሥቶም ጡት ፈለገ። ጃርት እሾሆቿን መሬት ላይ አስቀምጣ አየችው።

ከዚህ የምንማረው፣ የእጃችን ሥራ ለማን እንደሆነ ከረሳን የአላፊ አግዳሚው ምክር ግራ እንደሚያጋባን፣ ግራ መጋባታችንም ለሌባ በር እንደሚከፍት ነው።