ሁለት ሰሌን የዘረጋችው ጉሬዛ

ዱሮ ዱሮ፣ አራዊት እንደኛ ሲያወሩና እንደኛ ሲዋሹ፣ ስሙን ዛሬ ማንም በማያስታውሰው አገር አንዲት ጉሬዛ ነበረች። ጉሬዛ መቼም ካባዋን ለብሳ ነው የምትወለደው። ይቺኛዋ ግን ካባው አልበቃትም፤ ሊቅ መባልም አማራት። የምትማረው የልብ ትምህርት ነው፦ ያዘነ ለምን እንደሚያዝን፣ የፈራ ምን እንዳስፈራው፣ አንደበቱ የተዘጋ በምን እንደሚከፈት። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ደረጃ ጨርሳለች፤ የቀራት ሊቅ የሚያሰኘው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ይህን የመጨረሻውን የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን ነበሩ፤ የኔታ ጉጉት ከተራራው ጫፍ፣ አባ ዔሊ ከወንዙ ማዶ። ሁለቱም በዓመት የሚቀበሉት አንድ ተማሪ ብቻ ነው። መምህሩ ለመረጠው ተማሪ የሚቀመጥበትን ሰሌን ይልክለታል። ተማሪው ከፈለገ ሰሌኑን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ካልፈለገ ይመልሰዋል፣ ሰሌኑም ለተከታዩ ይሰጣል። ክረምት ገብቶ ወንዙ እስኪሞላ ድረስ መምህሩ ቃሉን አያጥፍም። ደንቡ ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ማለዳ ቁራ ሁለት ሰሌን ተሸክሞ እያለከለከ መጣ።

"እንኳን ደስ ያለሽ! ሁለቱም ፈልገውሻል። የማንን ልመልስ?"

ጉሬዛ ሁለቱንም ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ራሷን በአንዱ እግሯን በሌላው አድርጋ ተጋደመችባቸውና፣ "ቆይ እስቲ፣ ልቤ ገና አልቆረጠም" አለችው።

ውሸቷን ነው። ልቧ ያን ዕለት ቆርጦ ነበር፤ የምትሄደው ጉጉት ዘንድ ነው። የጉጉት ተማሪ ነኝ ያለ በየሄደበት ከፊት ይቀመጣል፤ አባ ዔሊን ከወንዙ ማዶ ማን ያውቃቸዋል? ግን በሁለት ሊቃውንት መፈለግ ደስ አላት። አንዱን ሰሌን ብትመልስ ደስታዋ እኩሌታ የሚሆን መሰላት።

በማግስቱ ሽኮኮ መጣች። ሽኮኮ ከዛፉ ሥር ካለው ቋጥኝ የምትኖር የትምህርት ጓደኛዋ ናት። እናቷን ንስር ከነጠቃት ወዲህ፣ ያን በዓይኑ ያየው ትንሽ ወንድሟ አንደበቱ ተዘግቷል። ምግብም የሚቀምሰው በስንት ልመና ነው።

"እታለም፣" አለች ሽኮኮ፣ "አባ ዔሊ ተከታይዋ አንቺ ነሽ ብለው ልከውብኝ ነበር። ሰሌኑ ከተመለሰ ወንድምሽንም ይዘሽ ነይ፣ ልጁን እኔው አየዋለሁ ብለዋል። ግቢያቸው ከአንድ ተማሪ ቤተሰብ በላይ አይችልም። ልጁ ደግሞ እየከሳብኝ ነው።"

"ምን ሆነሻል እህቴ፣ እኔ እያለሁ!" አለች ጉሬዛ። "ቆይ ብቻ፣ ልቤ ገና አልቆረጠም።"

ከዚያ ጉሬዛ ዙረቷን ተያያዘችው። ተራራው ጫፍ ወጥታ፣ "የኔታ፣ አባ ዔሊ ከነፍሬው አንድ ሙሉ ሾላ ሊሰጡኝ ነው" አለች፤ ጉጉት ተኮሳትረው ሁለት ሾላ ጨመሩላት። ወንዙን ተሻግራ፣ "አባ፣ የኔታ ጉጉት ከቀኛቸው ሊያስቀምጡኝ ነው" አለች። አባ ዔሊ አንገታቸውን ቀስ አድርገው አወጡና አዩዋት።

"ልጄ፣ የምጨምርልሽ የለኝም። ካልፈለግሽኝ ሰሌኑን መልሺ፤ የሚጠብቅ አለ።"

"ኧረ አባ፣ ልቤ ገና አልቆረጠም!" አለችና የቀረበላትን በልታ ተመለሰች።

መንደሩም ወሬው ይኸው ብቻ ሆነ። ዝንጀሮ ጠርቶ ጋበዛትና "ስም ይበልጣል" ብሎ መከራት። ከርከሮ ጋበዛትና "ሆድ የሚሞላበት ይበልጣል" አላት። እሷም በየግብዣው "ምርጫ እኮ መከራ ነው" እያለች ትተነፍሳለች። እንዲህ ያለውን መከራ ለሁላችን ባደረገው!

ሽኮኮ በየማለዳው ከዛፉ ሥር ትቆማለች። "እታለም፣ እንዴት ሆነ? ልጁ ትናንት ምንም አልቀመሰም።" "ልቤ ገና አልቆረጠም።" "እታለም፣ ደመናው እየከበደ ነው።" "አታጣድፊኝ እንጂ! አልቆረጠም አልኩሽ።" ሽኮኮ ይሉኝታ ያዛትና ከዚያ ወዲያ መጠየቋን ተወች። መጥታ ትቆምና ትመለሳለች።

ክረምቱ ሲገባ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጉሬዛ ጠዋት ተነሥታ የጉጉትን ሰሌን ጠቀለለች፤ ቁራን ጠርታ የዔሊን ወረወረችለት።

"ይኸው መልስ። ለሽኮኮም ቦታው ያንቺ ነው በላት።"

"ወንዙ ሌሊት ሞላ እኮ" አላት ቁራ። "እኔስ ክንፍ አለኝ። እሷ ልጅ አዝላ በምን ትሻገር?"

ጉሬዛ ትንሽ ደንገጥ አለች። "እንግዲህ እግዜር የከርሞ ሰው ይበላት" አለችና ተራራውን ተያያዘችው። ቁራ ሰሌኑን ማዶ አደረሰው። ያን ዓመት የተቀመጠበት የለም።

ጉሬዛ ጉጉት ዘንድ ብዙ ዘመን ተማረች። የኀዘንን ዓይነት በየስሙ ለየች፤ የፍርሃትን ሥር አወቀች። ሊቅ ተብላ አገሯ ስትገባ አራዊቱ እልል ብለው ተቀበሏት። ልቡ የታመመ ሁሉ ወረፋ ይዞ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ።

"ከሽኮኮ ጀምሪ" አሏት። "ከዚያ ክረምት ወዲህ ከማንም ጋር አታወራም።"

ሽኮኮ ብቻዋን ቋጥኙ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ የለም። ጉሬዛ ገና ስታያት ገባት፤ ለመግባቱማ ትምህርትም አላስፈለጋት። ተማሪ ቤት እንደለመደችው አጠገቧ ቁጭ አለች።

"ምንሽን ነው የሚያምሽ፣ እህቴ?"

ሽኮኮ ዞር ብላ አየቻትና፣ "ወንድሜ በዚያው ክረምት ሞተ" አለች። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አባ ዔሊ ዘንድ እንደማትሄጂ ያወቅሽው መቼ ነው?"

ጉሬዛ ልትዋሽ አሰበች። ግን ፊቷ ያለችው የልብን ነገር የተማረች ናት፤ የት ይደበቃታል?

"ሰሌኑ የመጣ ዕለት" አለች።

ሽኮኮ ራሷን ነቀነቀች። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ተነሥታ ዋሻዋ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን የሰማ የለም።

ከዛፉ ሥር ወረፋ የያዙት ሁሉን ሰምተዋል። መጀመሪያ አንዲት ድኩላ ተነሣች። ቀጥሎ ከርከሮ ተነሣ። ደህና ሁኚ ያላት እንኳ የለም፤ አንድ በአንድ ሄደው አለቁ። ጉሬዛ ያን ሁሉ እውቀት ይዛ፣ የሚነግራት አጥታ ብቻዋን መሸባት። ማን ደፍሮ ልቡን ይስጣት?

ይቺን ተረት መልሱልኝ አልላችሁም፣ ይዛችኋት እደሩ። አባቶችም ከዚያ ወዲህ እንዲህ አሉ፦

"አልሻም" ማለት የከበደው፣ የሚሻውን ምስኪን ቀበረው።