ጨዌን ያራቆተች አውሮፕላን

የበደለኝ ካፒቴን ግርማቸው ይባላል። ስሙን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ከሌላ ሰው ጋር እንዳታምታቱት ነው፤ ደግሞም ይገባዋል።

ይህ ሰው የጥጡ እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት የምትረጭ አውሮፕላን አለችው፤ ሁለት ሰው ተጣብቆ የሚቀመጥባት፣ ፌንጣ የምታህል። እኔ ደግሞ ከማረፊያ ሜዳዋ ዳር የከብት ጨው እሸጣለሁ። አንድ የጨው ክምር አለኝ፣ ክምሩን የማለብስበት አንድ ሸራ አለኝ። ካፒቴኑ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣና፣ “እማማ ወርቅያንጥፉ፣ ፀሐዩ የአውሮፕላኔን መስታወት ሊሰነጥቅብኝ ነው። ደህና ልብስ እስክንመርጥላት ሸራዎን ለአንድ ሌሊት ያውሱኝ” አለኝ። አዋስኩት። ያ አንድ ሌሊት አንድ ወር ሞላው።

ከዚያ ደመናው ከተራራው ጀርባ መሰብሰብ ጀመረ። ጨውና ዝናብ ምን እንደሚሆኑ ታውቃላችሁ። ተነሥቼ ሄድኩ።

“ካፒቴን፣ ሸራዬን መልስልኝ። ዝናብ ከቀደመኝ ጨዌ ውሃ ሆኖ መሄዱ ነው።”

“እማማ፣ አውሮፕላን ከጨው ይበልጣል። መካኒኩ ካልገፈፈው አልመልስም።”

ይበልጣል አለኝ! እሺ። ቃሉን በመቀነቴ ቋጠርኩት።

ወደ መካኒኩ ወደ ዘርይሁን ሄድኩ። አውሮፕላኗ ሆድ ስር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

“አንተ እግር፣ ሸራዬን ግፈፍልኝ! ካፒቴኑ አልመልስም አለ፣ ጨዌ ራቁቱን ቀረ።”

“አዲሱ ልብሷ ሳይሰፋ ራቁቷን አላሳድራትም፤ አልገፍፍም” አለ እግሩ።

“የኔ ሸራ እኮ ሻካራ ነው። ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር የምትሳሱለትን መስታወት ይፍቀዋል።”

“ቢፍቀውም ልብስ ነው እማማ።”

አያችሁ? ለመስታወቱ ብሎ ወሰደ፣ መስታወቱን እያስፋቀ አልመልስም አለ። ወደ ሸራ ሰፊው ወደ ኑርሁሴን ሄድኩ። የስፌት መኪናውን አቁሞ ጥርሱን ይፍቃል።

“ኑርሁሴን፣ ስፋ! ዘርይሁን አልገፍፍም አለ፣ ካፒቴኑ አልመልስም አለ፣ ጨዌ ራቁቱን ቀረ።”

“ልኳን እንደ ሙሽራ ወስጃለሁ እማማ። አፍንጫዋን፣ ክንፏን፣ ጅራቷን፣ ሆዷ ስር የሚታሰረውን ጠፍር ሳይቀር። ጨርቁ ግን እልፍነሽ ዘንድ ተቆልፎበታል። እሷ ካልከፈተች ምን ልስፋ? ጢሜን?”

“አፍህን ብትሰፋ ይሻል ነበር” አልኩትና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄድኩ። እልፍነሽ ቁልፏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በሩ ላይ ወንበር ዘርግታ ተቀምጣለች። የተጋደመች በር ናት ብትሉ አልፈርድባችሁም።

“እልፍነሽ፣ ክፈቺ! ኑርሁሴን አልሰፋም አለ፣ ዘርይሁን አልገፍፍም አለ፣ ካፒቴኑ አልመልስም አለ፣ ጨዌ ራቁቱን ቀረ።”

“የቱን ጨርቅ ላውጣ? ሦስት ዓይነት አለ። ኮሚቴው መርጦ ካልፈረመ አልከፍትም” አለች፤ ወንበሯን ወደ ጥላው ጎተተች።

ኮሚቴ ደግሞ አለ ለካ! ፌንጣ ለማልበስ ኮሚቴ! አምስት ወንዶች ማንጎ ጥላ ስር፣ ቦዩ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው ለስላሳ ይጠጣሉ። ፊት ለፊታቸው ገመድ ላይ ሦስት ቁራጭ ተሰቅሏል፤ ሰማያዊ ላስቲክ፣ አረንጓዴ ወፍራም ሸራ፣ ውስጡ እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ የለሰለሰ ነጭ ጨርቅ።

“ምረጡ!” አልኳቸው። “እልፍነሽ አልከፍትም አለች፣ ኑርሁሴን አልሰፋም አለ፣ ዘርይሁን አልገፍፍም አለ፣ ካፒቴኑ አልመልስም አለ፣ ጨዌ ራቁቱን ቀረ።”

ሰብሳቢው አቶ ፈለቀ ጉሮሮውን ጠራረገ። “እማማ፣ ይህ የጥናት ጉዳይ ነው። ዝናብ ሳይወርድባቸው የትኛው ውሃ እንደሚያሳልፍ በምን እናውቃለን? ዝናብ ካልወረደ አንመርጥም።”

“ስንት ቀን ጠበቃችሁ?”

“ዛሬ ሃያ ዘጠነኛ ቀናችን ነው” አለኝ፤ ደረቱን ነፍቶ።

ምን ቀረኝ? አንገቴን አቅንቼ ደመናውን ለመንኩት። “ውረድ! ኮሚቴው አልመርጥም አለ፣ እልፍነሽ አልከፍትም አለች፣ ኑርሁሴን አልሰፋም አለ፣ ዘርይሁን አልገፍፍም አለ፣ ካፒቴኑ አልመልስም አለ፣ ጨዌ ራቁቱን ቀረ።” ብዬ ሳልጨርስ አፌን በእጄ ያዝኩ። አንቺ ሴትዮ፣ ምን እያልሽ ነው? ዝናቡ ካልወረደ ሸራሽ አይመለስም። ዝናቡ ከወረደ ደግሞ ሸራው ሳይመለስ ጨውሽ አለቀ! እነዚህ ሰዎች የሚጠብቁት የኔን ጥፋት ነው።

ያኔ ነው ቦዩን ልብ ያልኩት። ከአምስቱም ጀርባ ይፈሳል። ሃያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ቤቴ ሄጄ ባልዲና ወንፊት አመጣሁ፤ ሦስት ሳህን ጨውም ሞላሁ። ሦስቱን ጨርቅ ከገመዱ አውርጄ በየሳህኑ ላይ አለበስኩ። በርሜል ላይ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ከቦዩ የቀዳሁትን ውሃ በወንፊቱ አንጠባጠብኩት።

“እማማ፣ ምን እየሠሩ ነው?” አለ አቶ ፈለቀ።

“እየዘነብኩ ነው።”

“ይሄ እኮ ዝናብ አይደለም፤ ውሃ ነው!”

“ዝናብ ምን መሰለህ ልጄ፣ ጠላ?”

ፀሐይ እስክትበረታ አስጠበቅኳቸውና ገለጥኩ። አረንጓዴው ስር ጨዉ ሾርባ ሆኗል። ሰማያዊው ከላይ ጠብታ አላሳለፈም፤ ሙቀቱ ግን ከውስጥ አልቦት ጨዉን አርሶታል። ላስቲክ እንደሚያልበው ጨው የሸጠ ሁሉ ያውቃል፤ ማን ጠይቆን! ነጩ ስር ጨዉ ደረቅ፣ ሲነኩት ኮሽ የሚል። አቶ ፈለቀ ነጩን በጣቱ ዳሰሰ፣ መነጽሩን ወለወለበት፤ አልፋቀበትም። ብዕሩን አወጣ።

እንግዲህ ስሙኝ። ዝናቡ ከወንፊቴ ወረደ፣ ኮሚቴው መረጠ፣ እልፍነሽ ከፈተች፣ ኑርሁሴን ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ ሰፋ፣ ዘርይሁን ገፈፈ፣ ካፒቴኑ መለሰ፣ ጨዌ ለበሰ። የመጨረሻዋን ገመድ ሳስር የመጀመሪያዋ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች። ሌሊቱን ሙሉ ሰማዩ ሲፈስ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት ካፒቴን ግርማቸው ጭቃውን እየዘለለ መጣ። መነጽር የለ፣ ምን የለ፤ ኩባያ ይዟል። የወጥ ቤታቸው ጨው ጣሪያው አፍስሶበት ቀልጦ አድሯል።

“እማማ፣ እንቁላል ጠብሼ ጨው አጣሁ። የከብትም ቢሆን፣ ቁንጣሪ ብቻ።”

መቀነቴን ፈታሁ፤ የቋጠርኩትን ቃል አወጣሁ።

“አውሮፕላን ከጨው ይበልጣል ብለኸኝ አልነበር ልጄ? በል ሂድና አውሮፕላኗን እንቁላሉ ላይ ነስንስ።”

ሸራዬን እስከ መሬት ሳብኩ፣ አራቱን ጫፍ በድንጋይ ጫንኩ፣ ክምሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩበት።