በቀኝሽ ተቀበይ

አንዲት ሴት ነበረች። የምትሠራው ወፍጮ ቤት ነው። እህል ይዞ የመጣውን ትመዝናለች፣ ወደ ወፍጮው ታፈሳለች፣ ዱቄቱን በጆንያ ትሞላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ነው። ልጇ "አሮጊቷ መጣች!" እያለች ትስቅባታለች። ባሏ ሞቷል፤ ያቺን ልጅ የምታስተምረው በዚያው በወፍጮ ቤት ገንዘብ ነው። ሴትዮዋ እማዋይሽ ትባላለች።

የወፍጮ ቺንጋ ታውቃላችሁ፤ ያ ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚሄደው ረጅም ቀበቶ። የብረት መከለያ ነበረው። ቺንጋው እየወለቀ ሲያስቸግር ጊዜ መከለያውን ነቅለው ግድግዳ ላይ አስደገፉት። እማዋይሽ ባለወፍጮውን አቶ ሞላልኝን ለምናዋለች።

"ጋሼ፣ ኧረ ይሄ ነገር ይከደን። አንድ ቀን ሰው ይበላል።"

"ይከደናል፣ ይከደናል። አሁን ወረፋውን አስተናግጂ።"

ወገኖቼ፣ ይሄ "ይከደናል" የሚባል ቃል ስንት ሰው በልቷል?

የበዓል ሰሞን ነው። ወረፋው እስከ መንገድ ወጥቷል። እማዋይሽ ጎንበስ ስትል ቺንጋው እጅጌዋን ያዘ። ከእጅጌዋ ቀጥሎ እጇን። ቀኝ እጇን። ሞተሩ እስኪጠፋ የሆነውን አልነግራችሁም፤ ሕፃናት ተቀምጠዋል። በዚያ ቀን የተፈጨውን ዱቄት ግን ማንም ወደ ቤቱ አልወሰደም።

አቶ ሞላልኝን ክፉ ሰው ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ክፉ ቢሆን እኔም ስብከቴ ይቀለኝ ነበር። ራሱ ነው በመኪናው ሐኪም ቤት ያደረሳት። የተጠየቀውን ከፈለ። አልቅሷልም። ኋላ ግን ወዳጆቹ "ትከስህና ወፍጮህን ታሸጥሃለች" አሉት። ፈራ። የፈራ ሀብታም ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል።

እሷን ደግሞ ፋሻዋን የምትቀይርላት ነርስ መክራታለች። "እትዬ፣ ይሄ እጅ ይዳን አይዳን ገና አልለየለትም። ፋሻው ተፈቶ ቁርጡ እስኪታወቅ ድረስ ምንም ነገር እንዳትፈርሚ" ብላታለች።

ሽማግሎቹ መጡ። የሚመራቸው አቶ ይርዳው የሚባል፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው አስታራቂ ነው። አቶ ሞላልኝ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፏ ላይ ተንበረከከ። እሷ እጇ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ተኝቷል።

"አባቴ፣ ነርሷ ትንሽ ቆዪ ብላኛለች" አለች።

"ልጄ፣ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ደጅሽ ላይ እያለ ቆዪ ይባላል?" አላት አቶ ይርዳው። "ክርስቲያን አይደለሽም? አባታችን ሆይ ስትዪ ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው?"

ምን ትበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች። እልል ተባለ። ድንጋዩ ወረደ።

ቆይ፣ እዚህ ላይ ጠብቁኝ። ይቅር ማለቷ መልካም ነው። እኔም ዘወትር የምሰብካችሁ እሱን ነው። ነገር ግን ይቅርታው ከአፏ ሳይደርቅ ከአቶ ይርዳው ኪስ ወረቀት ወጣ። የሐኪም ቤቱን ወጪና ጥቂት ወር የሚያበላ ገንዘብ ተቀብያለሁ፤ ካሳዬ ይህ ነው፤ ከእንግዲህ አልጠይቅም ይላል። ቀኟ በፋሻ ስለታሰረ የግራ አውራ ጣቷን ይዞ ቀለም አስነከረና ወረቀቱ ላይ ጫን አደረገላት። ከዚያ ሽማግሎቹ ተነሥተው "እርቅ ያፈረሰ ቤቱ ይፍረስ!" አሉ። ሁሉም አሜን አለ። እሷም አሜን አለች።

በግ ታረደ። ሁሉም በላ። እሷ በግራ መብላት አፈረች፤ ልጇ ናት ያጎረሰቻት። እናንተ የእርቅ በግ የለመዳችሁ ሽማግሎች፣ አትሳቁ። ማዕዱ ፊት እጅ አጥታ የተቀመጠችውን አንዳችሁ አይታችኋታል?

ፋሻው ሳይፈታ ነገሩ ተፈታ።

ፋሻው ሲፈታ ግን ጣቶቿ ጠቁረው ነበር። ሐኪሞቹ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ከክርኗ ላይ ቆረጡት። ቁስሏ ሲደርቅ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። መከለያው ቺንጋው ላይ ተገጥሟል።

"ጋሼ፣ እጄ እኮ የለም" አለችው።

"እኔስ ምን ላድርግ እማዋይሽ? በሽማግሌ ጨርሰናል። ፈርመሻል እኮ።"

ፍርድ ቤት ሂጂ፣ አቤት በዪ ያሏት ነበሩ። ግን "ቤቱ ይፍረስ" ሲባል አሜን ብላለች። እሷ ቤት የምትለው አንዲት ልጇን ነው። ልጄ ላይ ይደርስብኛል ብላ ፈራች። ሰፈሩ ደግሞ ገና ሳትከስ "እርቅ አፍራሽ" ይላት ጀመር። ወፍጮ ቤት ባለ አንድ እጅ አይቀጥርም። ልብስ አጠባም በአንድ እጅ አይሆንም። ያ ገንዘብ አለቀ። ልጅቷ ትምህርቷን ትታ ሩቅ ከተማ ሰው ቤት ተቀጠረች። እማዋይሽም ዱቄት ሳይነካት ሸበተች፤ "አሮጊቷ መጣች" ብሎ የሚስቅባት ግን ቤቷ ውስጥ አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። አቶ ሞላልኝ ሁለተኛ ወፍጮ ተከለ። ለደብሩ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ምንጣፍ አነጠፈ፤ ስሙም በጉባኤ ተመሰገነ። አንድ እሑድ ወደ ቅዳሴ ሲገባ በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን ሳንቲም እያደለ ነው። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች አንዲት ሴት ግራ እጇን ዘረጋችለት። እሱ እጁን መለስ አደረገ።

"እንዴ! በግራ? ምጽዋት እኮ ነው! በቀኝሽ ተቀበይ እንጂ!"

ሴቲቱ ቀና አለች። ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ከክርኗ በታች ምንም የለም።

"ቀኜማ እርስዎ ዘንድ ነው፣ ጋሼ" አለችው።

ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ወደቀ? አለቀሰ? ሳንቲሙን ግራ መዳፏ ላይ ጣለና በሩን ተሳልሞ ገባ። ራሱ ባነጠፈው ምንጣፍ ላይ ቆሞ ከሕዝቡ ጋር "ማረን" አለ። እሷ ውጭ ቀረች።

ምእመናን፣ ይህ ሰው የበደለው ሳንቲም በመንፈጉ አይደለም። ሰጥቷል እኮ! የበደለው ዕዳውን ምጽዋት በማድረጉ ነው። የእሷን ገንዘብ ለእሷ መጽውቶ ጽድቅ ጠበቀ። ለማኝ ካደረጋት በኋላ አለማመኗን አረመ!

ካሳ ምንድን ነው? የሐኪም ቤት ደረሰኝ ብቻ ነው? የጥንቱ ሕግ እንኳ ሰው ያቆሰለ ያስፈውሰው፣ ተኝቶ ለቦዘነበትም ቀን ይክፈለው ይላል። ያ ለሚድን ቁስል ነው። የማይድነውስ? ያ እጅ ይሠራው የነበረው የዕድሜ ልክ ሥራስ? ልጅቷ ያቋረጠችው ትምህርትስ? ያ ሕመምስ? ካሳ ማለት ያን ሰው ሳይጎዳ ይኖር ወደነበረው ኑሮ፣ የቻላችሁትን ያህል፣ መልሳችሁ ማድረስ ነው። እጁን ማብቀል አትችሉም። እንጀራውን ግን ትችላላችሁ።

ይቅርታ የእሷ ነበር፤ ሰጠች። ካሳ የእሱ ነበር፤ በይቅርታዋ ውስጥ ደበቀው። "ይቅር" ያለችው ቂሙን ነው፤ እነሱ ግን እጇን አስቀሩባት።

እናንተ የተጎዳችሁ፣ ይቅር በሉ፤ ዛሬውኑ በሉ። ለመፈረም ግን አትቸኩሉ። ጉዳታችሁ ሳይለይ፣ ሐኪም ሳይናገር፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳታማክሩ ጣታችሁን ለማንም አታውሱ። መብታችሁን መጠየቅ ቂም አይደለም፤ ያስፈራሯችሁም እርግማን እግዚአብሔር ዘንድ አይደርስም። እናንተም ሽማግሎች፣ የእግዚአብሔርን ስም ጠርታችሁ ድሃ አታስቸኩሉ። አንድ ቀን እናንተም ደጅ ትቆማላችሁ፤ ያን ቀን የሚዳኛችሁ በግ አይበላም።

ዛሬ በዚህ በር ስትወጡ እጅ ይዘረጋላችኋል። ግራ እጅ ካያችሁ አትቆጡ። ቀኙ ማን ዘንድ እንደቀረ ጠይቁ። መልሱ "እናንተ ዘንድ" ከሆነ ሳንቲማችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱና ሽማግሎቹን ጥሩ። ድንጋዩን ግን በዚህ ጊዜ ተዉት። ካሳውን ተሸክማችሁ ሂዱ።